ግድግዳ ላይ የሳቀችው ሴት

ቡታጅራ፣ ሐምሌ ፱ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰፍያ ሙሀመድሰይድ
ወልቂጤ

አሰላሙ ዐለይኩም እቴ፤ እንዴት ከረማችሁ? ባልሽ ሳኒስ ደህና ነው? አማትሽ እማማ ዘይባስ ወገባቸውን ተሻላቸው? ሁለቱ ልጆችሽስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ምን ነክቶህ ነው ዝም ያልከው ብለሽ መቆጣትሽ እውነት አለሽ፣ ይቅር በይኝ። ታምሜም አይደለም፣ ተቀይሜም አይደለም። ከቡኢ ወዲህ ያለው መንገድ ጭቃ ሆኖ አውቶቡሱ አንድ ቀን ከመጣ ሁለት ቀን ይቀራል። አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ይህን ደብዳቤ እየጀመርኩ ስቀድደው መሰንበቴ ነው።

ከማን ጋር ነው የምትኖረው ላልሽኝ፣ ሦስት ሆነን አንድ ቤት ተከራይተናል። ሸረፋን ታውቂዋለሽ፣ የሳኒ የአክስቱ ልጅ። ከመርካቶ አሮጌ መጻሕፍት በጆንያ እየጫነ ያመጣና ለአንባቢ ያከራያል፤ ተከራይ ያጣውን ባለሱቆች ለስኳር መጠቅለያ ይወስዱለታል። ሁለተኛው አበራ ነው፤ የሶዶ ልጅ ነው፣ ከእኔ ጋር ያስተምራል፣ አፉ አያርፍም። አሁን ደግሞ አንድ እንግዳ አለን፣ ጋሼ ሀብተጊዮርጊስ የሚባሉ። በየገበያው የጤና ትምህርት ፊልም የሚያሳዩ የመንግሥት ሰው ናቸው። መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረና ዝናቡ ጋብ እስኪል እኛ ቤት አደሩ፣ ሰነበቱ።

ባለፈው እሑድ ከማለዳ ጀምሮ ሲዘንብ ዋለ። ቆርቆሮው ሲጮህ ለመደማመጥ መጮህ ነበረብን። ምን እንሥራ? የሸረፋን ጆንያ ዘርግፈን አንድ የወንጀል ታሪክ አገኘንና አበራ ጮክ ብሎ ያነብልን ጀመር። ልባችን ተሰቅሎ ስንሰማ የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም። የአንድ ሰው ስኳር ተጠቅልሎባቸው ሄዷል መሰለኝ። አበራ ገዳዩ ወጥ ቤቱ ነው አለ፣ ሸረፋ የለም ሐኪሙ ነው አለ፣ እኔ በመሀል ገብቼ ሟቹ ራሱ ነው ብል ሁለቱም ተነሡብኝ። ጋሼ ሀብተጊዮርጊስ ሲሰለቻቸው መጨረሻ ያለው ነገር ላሳያችሁ ብለው ሞተሩን በረንዳ ላይ አስነሡ፣ መስኮቱን ዘጋን፣ ኖራ የተቀባው ግድግዳ ላይ ፊልም አሳዩን።

መጀመሪያ የወባ ትንኝ ነበር፤ ዶሮ አክላ ስትታይ ሳቅን። ቀጥሎ የመጣው አዲስ አበባ ዳር ስላለ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። አንዲት ቆንጆ ነርስ በግቢው ስትሄድ ታሳያለች። ከኋላዋ በረንዳ ላይ ሴቶች ተሰልፈው ጨርቅ ይጠልፋሉ። አንዷ ቀና ብላ መቅረጫውን አየች፣ እጇን ጨርቁ ሥር ሸሸገች፣ ፊቷን ወደ ትከሻዋ አዙራ ሳቀች።

እቴ፣ አንቺን ነው ያየሁት። አርጅተሽ፣ ከስተሽ፣ ግን አንቺን። ጋሼ ሀብተጊዮርጊስን ድገሙልኝ አልኳቸው። ለሦስተኛ ጊዜም ለመንኳቸው። ጓደኞቼ ነርሷን ወደደ ብለው መሳቂያ አደረጉኝ፣ እኔም እንደዚያ ይምሰላቸው ብዬ ተውኳቸው።

እናታችን ስትሞት ልጅ ነበርኩ። አጎታችን ጋሼ ከድሮ ለሕክምና ብለው አዲስ አበባ ወሰዷት፣ ብቻቸውን ተመልሰው እዚያው ተቀበረች አሉን። የማውቀው ይህን ብቻ ነው። አንቺ ትልቅ ነበርሽና ልጠይቅሽ፤ አስከሬኗን አይተሻል? በምን እንደታመመችስ ነግረውሻል? ሌላ ሰው አልጠየቅሁም።

ወንድምሽ ከማሉ



ወልቂጤ፣ ሐምሌ ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለከማሉ
ቡታጅራ

ወዐለይኩሙ ሰላም። ሁላችንም ደህና ነን። የእማማ ዘይባ ወገብ ዝናብ ሲመጣ ይብስባቸዋል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይረሱታል፤ አሁን ፀሐይ የለችም። ሳኒ ጨርቁ ገዢ አጥቶ ሱቁ ውስጥ ሲያዛጋ ይውላል። ልጆቹ ደህና ናቸው።

አንተ ግን ጤና የለህም እንዴ? ያንተ ደብዳቤ ሲመጣ እዚህ ቤት እንዴት እንደሚነበብ ታውቃለህ። እማማ ዘይባ ይቀመጣሉ፣ ሳኒ ከሱቅ ይጠራል፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ጭቃውን አነበብኩ፣ ወጥ ቤቱና ሐኪሙ ላይ ስደርስ እማማ ዘይባ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ስለ ሴትየዋ የጻፍከው ጋ ደረስኩ። ዓይኔ ቀድሞ አይቶታልና ማንበቤን አቆምኩ። ምነው አሉኝ። ምን ልበል? ጓደኞችህ የቀለዱብህን ይዤ፣ ከማሉ ፊልም ላይ ያየውን ነርስ ወደደ ብዬ ጨረስኩት። እማማ ዘይባ እንዴት ደስ እንዳላቸው ብታይ። በቃ ልጁ ቤት ሊይዝ ነው አሉ። ወረቀቱን ስኳር የሚጠቀልሉበት እንዳይሆን ብዬ ምድጃ ከተትኩት። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ስትጽፍ ለየብቻ ጽፈህ በራሴ ስም በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ላክልኝ።

የጠየቅኸኝን አንዴ እመልስልሃለሁ፣ ከዚያ እንዳታነሳብኝ። እናታችን ሞታለች። አስከሬኗን አላየሁም። በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ አገራችን ቸሃ ድረስ አስከሬን ማን ያመጣል? ለቅሶ ተቀምጠናል፣ ዱዓ ተደርጎላታል፣ አባታችን ከዚያ ወዲያ ሰው መሆን አቅቶት ነው የሞተው። በምን ታመመች ላልከው ወባ ነው ብለውናል። ሰው ሰው ይመስላል ከማሉ። አንተ እናት አማረህና ግድግዳ ላይ አየህ፤ አልፈርድብህም።

ግን የት አየኋት እንዳልክ ልብ ብለሃል? ሳኒ ሽማግሌ ሲልክ ዘራችን ተጠይቋል። እነሱ እስከ ቅድመ አያት ቆጥረው ነው የጠየቁት፤ የእኛ ሰዎችም ንጹሕ ነው ብለው መልሰዋል። የቁምጥና ዘር ናት ከተባለ ከእጄ ውሃ የሚቀበል አይኖርም። ሳኒ ይወደኛል፣ ግን እናቱን መቋቋም አይችልም። ልጆቼን ከእኔ ይወስዷቸዋል፤ ቢተዉልኝም ነገ ማን ያገባቸዋል? ስለዚህ እለምንሃለሁ፣ ዝም በል። ለጓደኞችህም እንዳትተነፍስ። ነርሷን ወደድኩ በል፣ ወንድ ነህ፣ ነውር የለውም።

እህትህ ሰፍያ

ደግሞ ሴትየዋ ሳቋን የሸሸገችው ወደ የትኛው ትከሻዋ ነው? ዝም ብዬ ነው የምጠይቅህ።



ቡታጅራ፣ ሐምሌ ፳፬ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

እቴ፣

ወደ ግራ ትከሻዋ ነው። ለምን እንደጠየቅሽኝ አውቄአለሁ፣ አንቺም ስትስቂ እንደዚያው ነሽ።

እንዳልሽኝ በሹፌሩ እጅ ልኬዋለሁ፤ እማማ ዘይባ የሚሰሙት ሌላ ደብዳቤ አብሮ አለ፣ እሱን አንብቢላቸው። እዚያኛው ውስጥ ነርሷን ቁመቷ ረጅም ነው፣ ቀይ ዳማ ናት ብያለሁ።

እሷ ናት ወይ ካልሽኝ ቁርጡን አላውቅም። ጋሼ ሀብተጊዮርጊስን ፊልሙ መቼ ተነሣ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ቅርብ ነው፣ አምና ካቻምና ነው አሉኝ። ያን እሑድ ሊመልሱት ሲያጠነጥኑት ፊልሙ ወደ ኋላ እየሄደ ታየን። ሴትየዋ ሳቋን መልሳ ሰበሰበችውና ፊቷ ዝም አለ፣ ከዚያ አቀርቅራ ጥልፏን ያዘች። አበራና ሸረፋ በሳቅ ሞቱ፣ እኔ ውጪ ወጥቼ ዝናብ ላይ ቆምኩ። ምን ሆንክ ሲሉኝ ጭሱ አፈነኝ አልኳቸው። ቤት ውስጥ እሳት እንኳ አልነደደም ነበር።

ስለ ዘሩ ያልሽው ሐሰት ነው እቴ። በሽታው በዘር አይሄድም፣ በሕክምና ይድናል፤ ፊልሙ ይህንኑ ደጋግሞ ነው የሚናገረው። አውቃለሁ፣ ፊልም ያለው ለእማማ ዘይባ ምንም አይደለም። እኔ ራሴ ያን ሁሉ ሰምቼ፣ ማታ ጣቶቼን እያገላበጥኩ ስመረምር ተገኘሁ።

ጋሼ ሀብተጊዮርጊስ መንገዱ ሲደርቅ ፊልሙን ይዤ ወደ ወልቂጤ እሄዳለሁ ይላሉ። እኔ ግን እስከዚያ መጠበቅ አልችልም። አዲስ አበባ ሄጄ በዓይኔ ልያት። ፍቀጅልኝ። ሳትፈቅጂ አልሄድም፣ ግን ቶሎ ፍቀጅልኝ።

ከማሉ

እማማ ዘይባ ለሸረፋ ስለ ነርሷ መልእክት ልከውለታል መሰለኝ። ስሟ ማን ነው፣ የየት አገር ሰው ናት እያለ ያስጨንቀኛል። እኔ ምን አውቄ?



ወልቂጤ፣ ነሐሴ ፪ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ለምን ዘገየሽ ትለኝ ይሆናል። አጎታችን ጋሼ ከድሮ ዘንድ ሄጄ ነበር። ለቤት ሰው ታመዋል፣ ልጠይቃቸው ብዬ እምድብር ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግሬ። ዝናቡ አጥንቴ ድረስ ገባ።

እንሰት ጓሮ ነበሩ። ሰላም ተባባልን፣ ስለ ከብቱም ስለ ልጆቹም ጠየቅሁ። ከዚያ እናቴን ያየ ሰው አለ አልኳቸው። ማጭዳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ማን ነገረሽ?" አሉኝ።

ምን ትያለሽ አላሉኝም፣ አብደሻል አላሉኝም። ማን ነገረሽ ነው ያሉት። ሌላ ነገር ባይናገሩም ይበቃኝ ነበር። ቤት አስገብተው ቆጮ አቀረቡልኝ፣ ሳልቀምሰው ተነሣሁ። ስወጣ እስከ ጀፎረው፣ እስከ መንደሩ ሰፊ መንገድ ሸኝተውኝ፣ ያደረግሁት ለእናንተ ብዬ ነው፣ እሷም እሺ ብላ ነው፣ አንቺ ትዳር የያዝሽው በዚያ ነው አሉ። ልረግማቸው ፈለግሁ። ሽማግሌ ናቸው፣ ዝናቡ ይመታቸዋል፣ ግቡ ብዬ ሄድኩ።

እንግዲህ አለች ማለት ነው። እናቴ አለች ብዬ ልጮህ ስል ልጆቼ ትዝ ይሉኛል። ያን ሁሉ ዓመት ስበላ ስጠጣ፣ ስዳር ስወልድ እሷ እዚያ በረንዳ ላይ ነበረች። አውቄ ቢሆን ምን አደርግ ነበር?

ያልከውን አምኜሃለሁ፣ በዘር አይሄድም። ግን ትናንት ልጆቹን ፀጉር ስሠራ የትልቋ ክንድ ላይ ነጣ ያለች ነገር አየሁ። ያ በሽታ የያዘው ገላ መርፌ አይሰማውም ይላሉና፣ መርፌ አንሥቼ ቀስ ብዬ ወጋኋት። ጮኸች። በመጮኋ ደስ ብሎኝ አቅፌ ሳለቅስ እማማ ዘይባ አዩኝ። ቋቁቻ ነው፣ ሎሚ ቀቢው፣ ለዚህ ይለቀሳል አሉኝ። ታናሿንም ወጋሁ፣ ራሴንም ወጋሁ።

ሰው ፊት መሳቅ ትቻለሁ። ያ መኪና እዚህ መጥቶ ገበያው ላይ ቢያሳይ ወልቂጤ በሙሉ ያየዋል። አንተ እኔን ካየህባት ሌላውም ያያል። ሳኒ ባለፈው አስቆኝ ነበር፣ አፌን በነጠላ ስሸፍን ምን ሆንሽ አለኝ። ጥርሴን አመመኝ አልኩት። እሱም ቅርንፉድ ገዝቶልኝ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የማታልለው።

አትሂድ። በአላህ፣ ክረምቱ ይውጣ፣ መስከረም ላይ እንመካከራለን። አልጠላኋትም፣ እንዲህ ብለህ እንዳታስብ። መድረሻዬ ጠፍቶኝ ነው። ነርሷን ወደድኩ ያልከውን ግን አጥብቀህ ያዝ፤ እዚህ ቤት ወሬው ሁሉ እሱ ነው።

ሰፍያ



ቡታጅራ፣ ነሐሴ ፰ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

እቴ፣ ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እኔ ቃሌን ጠብቄአለሁ፣ አልሄድኩም። የሄደው ሸረፋ ነው። መጽሐፍ ላመጣ መርካቶ ልወርድ ነው ሲለኝ ምንም አልጠረጠርኩም። ለካ እማማ ዘይባ፣ እናትም አባትም የሌለው ልጅ ነው፣ እናንተ ካልጠየቃችሁለት ማን ይጠይቅለታል ብለው ልከውበት ኖሯል። የአንቺ ውሸት፣ የእኔም ቀይ ዳማ ተጨምሮበት፣ ልጁ ሁለት የመርካቶ ነጋዴዎች ሽማግሌ አድርጎ፣ ቅቤ በኮባ ጠቅልሎ ሆስፒታሉ በር ላይ ሄዶ ቆመልሽ።

ነርሷን አስጠሩ። ሸረፋ ለሽምግልና እንደሚደረገው ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ አገሬን ከነጎጡ ጮክ ብሎ ቆጠረ፣ ወልቂጤ የምትኖር ሰፍያ የምትባል እህት አለችው አለ። ነርሷ ባልና ልጆች አሉኝ ብላ ስቃ ሄደች። እነሱም አፍረው ሊወጡ ሲሉ ከሚጠልፉት ሴቶች አንዷ ተከትላቸው በሩ ድረስ መጣች። ሙሀመድሰይድ ያልከው የትኛው ነው ብላ ጠየቀችው።

ከድጄ ናት። እናታችን ናት። ከበሽታው ከዳነች ቆይታለች፤ ጥቂት ጣቶቿን ግን በልቷቸዋል። እዚያው አጠገብ ቤት አላት። ከአጎታችን ጋር የተስማማችው እውነት ነው። ለእነሱ ሞቻለሁ፣ ደግ ነው፣ በዚያ ምክንያት ልጄ ባል አገባች አለችው። ስለ እኔ ማንበብ ይወዳል ወይ ብላ ጠየቀችው። ስለ አንቺ፣ ክረምት ላይ ቤቷ ያፈሳል ወይ አለችው።

ሸረፋ ይህን ሲነግረኝ ሲያለቅስ አመሸ። አንድ ነገር ግን አለ። ሲለያዩ ሰላምታ ሰጥታዋለች፣ ለአንቺና ለቤትሽ ሰው ሁሉ። ስሜን እንዳትጠራ፣ አንዲት የአገርሽ ሴት ሰላም ብላችኋለች በል ብላዋለች። እኔ ዝም ብትል አልኩት። አፌን ስፋው ብትለኝ እሰፋዋለሁ፣ የተላከ ሰላምታ ግን አማና ነው፣ አደራ ነው፣ ሳላደርስ ብሞት ምን እመልሳለሁ አለኝ። ሐሙስ ወልቂጤ ይገባል። ለእማማ ዘይባም የነርሷን መልስ መንገር አለበትና ሁላችሁ ባላችሁበት ይናገራል።

እንግዲህ ስሚኝ። አንዲት የአገርሽ ሴት ይላል፣ አንቺ ሰላምታውን ትመልሻለሽ፣ ያልፋል። ማንም አያውቅም። እውነቱ ይውጣ እያልኩ ስነዘንዝሽ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ግን ፈራሁ። ያን ሁሉ ዓመት ብቻዋን የተቀመጠችው ትዳርሽ እንዳይፈርስ ነው። በእኔ ምክንያት ቢፈርስ ፊቷን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ጋሼ ሀብተጊዮርጊስም ወደ አዲስ አበባ ተጠርተው ተመልሰዋል፣ ፊልሙ እናንተ ዘንድ አይመጣም። ስለዚህ ዝም በይ። ከሐሙስ በኋላ ቶሎ ጻፊልኝ።

ከማሉ



ወልቂጤ፣ ነሐሴ ፲፰ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ከማሉ፣ ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ረቡዕ ደርሶኛል። ከሐሙስ በኋላ ቶሎ ያልጻፍኩልህ እየጀመርኩ ስተወው ነው። እንዴት ሆነ ለምትለኝ፣ እንዳልከኝ ላደርግ ተዘጋጅቼ ነበር። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት ሆኜ ለብቻዬ ስለማመድ ዋልኩ። ፊቴን ሳልለውጥ ሰላምታውን እመልሳለሁ፣ ዳቦ እቆርሳለሁ፣ ሻይ እቀዳለሁ።

ሸረፋ ጠዋት መጣ፣ ከአናቱ እስከ እግሩ በስብሷል። ዝናቡ በሩን ዘግቶብን ሁላችንም ቤት ነበርን፤ ሳኒ ሱቅ አልከፈተም፣ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ይጫወታሉ። ሻይ ሰጠሁት፣ ለእማማ ዘይባም ሰጠሁ። የነርሷን ሲነግራቸው በጣም አዘኑ፣ ሳኒ ደግሞ የከማሉ ነገር ባለ ባል ላይ ነው እንዴ ዓይኑን የጣለው ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሸረፋ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ዓይኔን ሳያይ፣ እትዬ ሰፍያ፣ አንዲት የአገርሽ ሴት ለአንቺም ለቤትሽ ሰውም አሰላሙ ዐለይኩም ብላለች አለ።

አፌን ከፈትኩ። የተለማመድኩት ምላሴ ላይ ነበር። እማማ ዘይባን ግን ታውቃቸዋለህ፣ ሰው ሲጠቀስ የማን ልጅ፣ የማን ሚስት ሳይሉ አያልፉም። የማን ወገን ናት አሉት። ሸረፋ ቀላ፣ ተንተባተበ። አላውቃትም ሊል ሲል አየሁት። ልጁ ስለ እኔ ብሎ ሊዋሽ ነው፣ እሷ ስለ እኔ ብላ ስሟን ትታለች፣ አንተ ስለ እኔ ብለህ ፈርተሃል። እኔ ደግሞ እናቴ ሰላም ብላኝ እንደ መንገደኛ ልመልስላት ነው። አልቻልኩም ከማሉ።

"እናቴ ናት" አልኩ።

ወዐለይከ ወዐለይሃ ሰላም ብዬ መለስኩ። ሰላም በአንተም በእሷም ላይ ይሁን ማለት መሆኑን እዚያ ቤት የማያውቅ የለም። ከዚያ የት እንዳለች፣ በምን ታማ እንደነበር፣ እንደዳነች፣ ማን ሞተች እንዳለን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ሳኒ ተነሣ፣ ጃንጥላውን እንኳ ሳይዝ ወጣና ሄደ።

እማማ ዘይባ ብርጭቆውን እንደያዙ ነበሩ። እኔ የሰጠኋቸውን ሻይ። አዩት፣ አዩትና ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። ያኔ ያለቀልኝ መሰለኝ። ከዚያ ሸረፋን፣ ሰላምታው ለቤቱ ሰው ሁሉ ነው ያልከኝ ብለው ጠየቁት። አዎን አላቸው። "ወዐለይከ ወዐለይሃ ሰላም" አሉ። አላህን ይፈራሉ፣ የመጣላቸውን ሰላምታ አልዋጡትም። ሻዩን ግን አልጠጡትም። እስከ ዛሬም ከእጄ አልቀመሱም፣ ለራሳቸው እየቀዱ ይጠጣሉ። ልጆቹን ግን ከጭናቸው አላወረዱም።

ሳኒ ሱቅ ውስጥ እያደረ ነው። ትፋታኛለህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። ዛሬ ጠዋት፣ እናቴን ልጠይቅ አዲስ አበባ እንደምሄድ ሰምቶ መጥቶ ደጃፍ ላይ ቆመ። ልጆቹን ይዘሻቸው ልትሄጂ ነው አለኝ። አዎን፣ አያታቸውን ላሳያቸው ነው አልኩት። እዚያ ይበርዳል፣ ደርበሽ አልብሻቸው አለና ተመልሶ ሄደ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እያገላበጥኩ ነው የዋልኩት። አንተ የተማርክ ነህ፣ ከገባህ ንገረኝ።

ፈርተሻል ወይ ካልከኝ አዎን፣ እስካሁን እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ተመልሼ የምገባበት ቤት ይኖረኝ እንደሆነ አላውቅም። ግን ያ ቃል ከአፌ ከወጣ ወዲህ መተንፈስ ችያለሁ። ሸረፋ አደራውን የበላ እንዳይመስለው፣ አድርሰሃል በለው።

ሰኞ አዲስ አበባ እገባለሁ። ና ብዬ አላስጨንቅህም፣ መንገዱን አውቃለሁ፤ ነገር ግን አውቶቡስ ተራ ወርጄ ዞር ዞር ብዬ አንተን መፈለጌ አይቀርም። ያረጀ ፊቷን ለብቻዬ ማየት ይከብደኛል።

እህትህ ሰፍያ፣ የከድጄ ልጅ